የእንሰት ጓሮ አፈር ኤንኤምአር ላይ ፒክ አልሰጠኝም፣ የት ጋ ነው የተሳሳትኩት?

ቤቲ_ሀዋሳ፦

ሰላም ለሁላችሁ፣ እንዴት ናችሁ። እኔ ሀዋሳ ነው ማስተርሴን የምሰራው፣ ቴሲሴ የአፈር ኦርጋኒክ ማተር ላይ ነው። ከከተማው ወጣ ብሎ ወደ ደጋው በኩል ካለ አንድ ቀበሌ ከሶስት ዓይነት መሬት ሳምፕል ወስጃለሁ፣ አንዱ ከቤት ጓሮ ያለ የቆየ እንሰት ነው፣ ሁለተኛው በቆሎ የሚዘራበት ማሳ፣ ሶስተኛው ድሮ እንሰትና ቡና የነበረበት አሁን ግን ጫት የሆነ። ሁሉም ቀይ አፈር ነው፣ የእንሰቱ ብቻ ላይ ላዩ ወደ ጥቁር ያደላል። በዋልክሊ ብላክ (ካርቦኑን በኬሚካል አቃጥሎ የሚለካው የተለመደ ዘዴ) ካርቦኑን ስለካው የእንሰቱ ወደ 4 ፐርሰንት፣ የበቆሎው 2 አካባቢ፣ የጫቱ መሃል ላይ ወጣ። እስከዚህ ሰላም ነው።

ከዛ አድቫይዘሬ "ስንት ካርቦን እንዳለማ ሁሉም ይለካዋል፣ ምን ዓይነት ካርቦን እንደሆነ ንገሪኝ" አለኝ። እውነቱን ነው፣ እኔም ማወቅ የምፈልገው እሱን ነው፣ እንሰቱ ተነቅሎ ጫት ሲተከል አፈሩ ያጣው የቱን ነው፣ ቶሎ የሚበሰብሰውን ነው ወይስ ለዓመታት የሚቆየውን? እና ውጭ አገር የሚማር ዘመድ ስላለኝ በሱ በኩል ሶስቱንም ሳምፕል አንድ ላብ ልኬ በካርቦን 13 ሶሊድ ስቴት ኤንኤምአር (ጠጣር ሳምፕልን በትልቅ ማግኔት ውስጥ አስገብቶ የካርቦኑን ዓይነት በፒክ የሚያሳይ መሳሪያ) አሰራሁ። ፈቃድ፣ ኳራንቲን፣ ወረፋ ምናምን ተብሎ ስድስት ወር ጠብቄ ፋይሉ መጣ። ስከፍተው የበቆሎውና የጫቱ እንደ መጋዝ ጥርስ የተንጨፈጨፈ መስመር ብቻ ነው፣ ፒክ የሚባል ነገር የለም። ያን ቀን ምሳ እንኳ አልበላሁም።

የእንሰቱ ይሻላል። 130 ፒፒኤም (የፒኩ ቦታ መለኪያ) ላይ ሰፋ ያለ ፒክ አለ፣ 180 ላይ አንድ፣ 72 እና 80 አካባቢ የተጣበቁ ሁለት ጉብታዎች፣ 30 ላይ ደግሞ ትንሽዬ። 180ውን ካርቦክሲል ብዬ፣ 72 እና 80ውን ሴሉሎስና ሌላ ካርቦሃይድሬት ብዬ ድራፍት ላይ ጽፌዋለሁ።

የምጠይቃችሁ የሁለቱ ለምን ባዶ ሆነ፣ የእንሰቱንስ በትክክል ነው ያነበብኩት፣ ደግሜ ብልክስ ያዋጣኛል? የቀረኝ ብር ለአንድ ዙር ብቻ ነው፣ ስለዚህ እባካችሁ የምታውቁ አስቡልኝ።

ሮተር54፦

ቤቲ ሰላም ነው። እኔ ሶሊድ ስቴት ኤንኤምአር ላይ ነው የምሰራው፣ በዛ ላይ የሀዋሳ ልጅ ነኝ፣ የአሞራ ገደልን ዓሣ እየናፈቅኩ ነው የማነበው፣ ስለዚህ ሳልመልስልሽ ማለፍ አልቻልኩም።

መጀመሪያ ግን አትደንግጪ፣ ሳምፕልሽ ውስጥ ካርቦን ጠፍቶ አይደለም። እስቲ አብረን እንቁጠር። 4 ሚሊሜትር ሮተር (ሳምፕሉ ተሞልቶ የሚሽከረከርበት ትንሽ ቱቦ) ውስጥ የሚገባው የተፈጨ አፈር 80 ሚሊግራም ነው እንበል። የበቆሎው 2 ፐርሰንት ካርቦን ካለው ሮተሩ ውስጥ የገባው ካርቦን 1.6 ሚሊግራም ነው። ማሽኑ ደግሞ ካርቦን 12ን ጨርሶ አያየውም፣ የኒውክለስ ማግኔትነት የለውም፣ የሚያየው ካርቦን 13ን ብቻ ነው፣ እሱ ደግሞ ከተፈጥሮ ካርቦን 1.1 ፐርሰንቱ ብቻ ነው። ስለዚህ ያ ሁሉ ማግኔት የሚፈልገው ነገር 0.018 ሚሊግራም አካባቢ ነው። በጣት ጫፍ የሚነሳ ጨው እንኳ ከዚህ ስንት እጥፍ ይበልጣል።

ይሄ ብቻ ቢሆን ብዙ ስካን (ልኬቱን ደጋግሞ መደመር) በማሰራት ይካሳል። ዋናው ጠላትሽ ብረቱ ነው። የቀይ አፈር ቅላቱ ራሱ የብረት ኦክሳይድ ነው። ብረት ያልተጣመሩ ኤሌክትሮኖች ስላሉት እያንዳንዱ አቶም እንደ ትንሽ ማግኔት ነው የሚሆነው፣ አጠገቡ ያለው የካርቦን ሲግናል ወይ ይሰፋና ከመስመሩ ጋር ይደባለቃል ወይ ማሽኑ ሳያነበው በፊት ይሞታል። የሚያናድደው ደግሞ በአፈር ውስጥ ኦርጋኒክ ማተርን አቅፎ ከመበስበስ የሚያቆየው ራሱ ብረት ኦክሳይዱ ነው። ስለዚህ ያልታጠበ ቀይ አፈር ላይ ፒክ ብታገኚ እንኳ የምታይው ከብረቱ የራቀውን ካርቦን ነው፣ ለዓመታት የሚቆየው የትኛው ነው ብለሽ የምትፈልጊው ተደብቆ ይቀራል ማለት ነው።

ለዚህ ነው ሰዉ ሁሉ አፈሩን ቀድሞ በኤችኤፍ፣ በሃይድሮፍሎሪክ አሲድ የሚያጥበው። 10 ፐርሰንት ኤችኤፍ ሲሊኬቱን ያሟሟዋል፣ ብረቱን ይዞት ይወጣል፣ ኦርጋኒኩ ይቀራል። ጥቅሙ ሁለት ነው፣ ብረቱ ይቀንሳል፣ የካርቦኑ ፐርሰንት ደግሞ ይጨምራል። 2 የነበረው 12 ቢደርስ ሲግናልሽ 6 እጥፍ ሆነ ማለት ነው። ሲግናል ከኖይዝ አንጻር የሚያድገው በስካኑ ብዛት ስኩዌር ሩት ስለሆነ 6 እጥፍ ሲግናልን በስካን ልግዛው ብትይ 36 እጥፍ ሰዓት ያስከፍልሽ ነበር። አንድ ሌሊት የሚያልቀው ሳምፕል ከወር በላይ ሊቀመጥ ማለት ነው።

አሁን ከፋይሉ ውስጥ እነዚህን ፈልጊና ጻፊልኝ፦ ኤችኤፍ ተደርጓል ወይ፣ ማሽኑ ስንት ሜጋኸርዝ ነው፣ ሮተሩ በስንት ነው የተሽከረከረው፣ ስካኑ ስንት ነው። የ180ው ፒክ ጥርጣሬ አሳድሮብኛል።

ቤቲ_ሀዋሳ፦

እግዚአብሔር ይስጥልኝ ወንድሜ፣ እንደዚህ ቆጥሮ ያሳየኝ ሰው የለም። ፋይሉ ላይ ያገኘሁት 400 ሜጋኸርዝ፣ 4 ሚሊሜትር ሮተር፣ 5 ኪሎኸርዝ ስፒን፣ 4000 ስካን፣ ሲፒ ማስ ይላል። ኤችኤፍ አልተደረገም፣ እኔ አድርቄ በ2 ሚሊሜትር ወንፊት ነፍቼ ብቻ ነው የላክሁት፣ እነሱም አልጠየቁኝም፣ እኔም መጠየቅ እንዳለብኝ አላወቅኩም።

ሮተር54፦

አዎ፣ እንደፈራሁት ነው። አየሽ፣ 400 ሜጋኸርዝ የሚባለው ለሃይድሮጅን ነው፣ እዛው ማግኔት ውስጥ ካርቦን 13 የሚሰማው በ100 ሜጋኸርዝ ነው። ስለዚህ 1 ፒፒኤም ማለት 100 ኸርዝ ነው። ሮተርሽ የዞረው በ5000 ኸርዝ ነው፣ 5000ን ለ100 ስታካፍይው 50 ፒፒኤም። አሁን ከ130 ላይ 50 ደምሪ፣ 180። ከ130 ላይ 50 ቀንሺ፣ 80።

180 ላይ ያለው ካርቦክሲል አይደለም፣ 80 ላይ ያለውም ካርቦሃይድሬት አይደለም፣ ሁለቱም የ130ው ጥላ ናቸው። ስፒኒንግ ሳይድባንድ ይባላል። ጠጣር ነገር ውስጥ ሞለኪውሎቹ በየአቅጣጫው ዞረው ስለሚቀመጡ እያንዳንዱ የራሱን ፒፒኤም ይሰጣል፣ ፒኩ ተንጣሎ ይቀራል። ሬይመንድ አንድሪውና ባልደረቦቹ በ1958 ያሳዩት ሳምፕሉን ከማግኔቱ አቅጣጫ 54.7 ዲግሪ ዘንበል አድርገን በፍጥነት ካዞርነው ያ መንጣለል እንደሚሰበሰብ ነው (ስሜን ያወጣሁት ከዚችው ማዕዘን ነው)። ግን ፍጥነቱ ካልበቃ ሙሉ በሙሉ አይሰበሰብም፣ በየስፒን ፍጥነቱ ርቀት ላይ ጥላ ይጥላል። አሮማቲክ ካርቦን ላይ ደግሞ ይብሳል።

ስለዚህ ድራፍቱን ለአድቫይዘርሽ ከመስጠትሽ በፊት አስተካክይው። ትክክለኛ የሆኑት 130 (አሮማቲክ፣ የካርቦን ቀለበት)፣ 72 (ኦ አልኪል የሚሉት፣ ሴሉሎስና የመሳሰለው) እና 30 (አልኪል፣ ሰምና ቅባት ነክ ሰንሰለት) ናቸው። እውነተኛ ካርቦክሲል ብዙ ጊዜ 172 አካባቢ ነው የሚወጣው፣ ሊግኒን (እንጨትን የሚያጠነክረው ነገር) ካለ ደግሞ 56 ላይ የሜቶክሲል ፒክ አብሮት መምጣት አለበት። 56 ላይ ምንም ከሌለሽና 130 ጎልቶ ከወጣ ያ አሮማቲክ ከእንጨት ሊግኒን ሳይሆን ከከሰል የመጣ መሆኑን ጠርጥሪ።

በሚቀጥለው ዙር በ14 ኪሎኸርዝ ይሽከርከር በያቸው፣ 4 ሚሊሜትር ሮተር ይችለዋል። ያኔ ጥላው 140 ፒፒኤም ርቆ 270 እና ከዜሮ በታች ነው የሚወድቀው፣ ከምታነቢው ቦታ ወጣ ማለት ነው። በፍጥነት ሲሽከረከር ሲፒው (ከሃይድሮጅን ወደ ካርቦን የሚደረገው የጉልበት ማስተላለፍ) እንዳይዳከም ራምፕ፣ ማለትም ኃይሉን ቀስ በቀስ የሚለዋውጥ ፐልስ፣ እንዲጠቀሙም ንገሪያቸው።

ጋሽ_አፈሩ፦

ልጄ ቤቲ፣ እኔ ዕድሜዬን ሙሉ አፈር ላብ ውስጥ ነው የኖርኩት፣ አሁን ጡረታ ላይ ነኝ። ወጣቱ የነገረሽ ሁሉ ትክክል ነው፣ እኔ የምለው ግን ኤችኤፉን አንቺ ራስሽ ለማጠብ እንዳትነሺ ነው። ይሄን ስጽፍ የምሬን ነው። ኤችኤፍ እንደ ሰልፈሪክ አሲድ ወዲያው ላያቃጥልሽ ይችላል፣ በተለይ ሲቀጥን፣ ሰዓታት አልፈው ነው ሕመሙ የሚጀምረው፣ እስከዚያ በቆዳ ገብቶ የሰውነትን ካልሲየም ይይዛል፣ አጥንት ይበላል፣ ከበዛ ልብ ያቆማል። ብርጭቆም ይበላል፣ ቢከር ውስጥ አይቀመጥም፣ ሁሉም ነገር ፕላስቲክ መሆን አለበት። የሚሰራ ፊውም ሁድ፣ ትክክለኛ ጓንት፣ ከአጠገብ የካልሲየም ግሉኮኔት ጄል፣ ይሄ ሦስቱ ያልተሟላበት ላብ ውስጥ ጠርሙሱን እንኳ እንዳትከፍቺ። የሚላክበት ላብ ይጠብልሽ፣ ከመላክሽ በፊት በጽሑፍ ይስማሙልሽ።

ሲያጥቡልሽ ደግሞ ከመታጠቡ በፊትና በኋላ ካርቦንና ናይትሮጅኑን ይለኩልሽ። አሲዱ የሚሟሟ ኦርጋኒክም ይዞ ይወጣል፣ ጥቂትም አይደለም አንዳንዴ። ሲ ለኤን ሬሾው ከመታጠቡ በፊትና በኋላ ካልተለያየ የወጣው ከሁሉም ዓይነት እኩል ነው ብለሽ መከራከር ትችያለሽ። ብዙ ከተለያየ ግን ያ ስፔክትረም የአፈሩ ሳይሆን የተረፈው ነው።

ሌላ መንገድም አለ፣ ኤችኤፍ የማይፈልግ። 53 ማይክሮን ወንፊት ፈልጊ። አፈሩን በውሃ አዋዝቺና በደንብ በትነሽ በዛ ወንፊት እጠቢው፣ ላይ የሚቀረው አሸዋና ገና በወጉ ያልበሰበሰ የዕፅዋት ቁራጭ ነው። አሸዋው ከባድ ነው፣ ቁራጩ ቀላል ነው፣ በውሃ እያዞርሽ ልክ እህል ሲታጠብ ገለባ እንደሚንሳፈፍ ከላይ ከላዩ ገልብጠሽ ትለያለሽ። ያ ቀላሉ ክፍል ካርቦኑ ብዙ፣ ብረቱ ጥቂት ስለሆነ ሳይታጠብ እንዲሁ ኤንኤምአር ላይ ጥሩ ሲግናል ይሰጣል። እንሰት ተነቅሎ ጫት ሲተከል መጀመሪያ የሚቀየረውም ይሄው ክፍል ነው። በአንድ ዙር ብር ስድስት ሳምፕል አስልኪ፣ ሶስቱ ይሄ ቀላሉ ክፍል ይሁን፣ ሶስቱ ደግሞ በወንፊቱ ያለፈው ደቃቅ ክፍል በኤችኤፍ ታጥቦ።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ብዙ ልጅ ሲሳሳት ስላየሁ ነው። ብረቱን በዲቲዮናይት ሲትሬት (ብረት ኦክሳይድ የሚያሟሟ ውህድ) አወጣለሁ ብለሽ እንዳታስቢ። ሲትሬት ራሱ ካርቦን ነው! ካርቦን ለመለካት ካርቦን ትጨምሪያለሽ፣ ከዛ ካርቦክሲል በዛ ብለሽ ትጽፊያለሽ።

ዲኤ_አለታ፦

ሰላም፣ እኔ ኬሚስትሪውን አላውቀውም፣ የልማት ሰራተኛ ነኝ፣ ግን የእንሰት ጓሮ በየቀኑ ነው የምገባው። ቤቲ ሳምፕሉን ከጓሮው የት ጋ ነው የወሰድሽው? ይሄን ማንም አልጠየቀሽም።

እንሰት ጓሮ አንድ መሬት አይደለም። ጠዋት ጠዋት ከብት ካደረበት ፍጉ በቅርጫት ይወጣና ግንዱ ስር ይበተናል፣ በብዛት ለቤቱ የሚቀርበው ያገኛል። የምድጃው አመድና ከሰል ግን ከፍጉ ጋር አይሄድም፣ የሚደፋው ኩሽናው ጀርባ ነው፣ ሁልጊዜ አንድ ቦታ፣ እናትየው ከልጅነቷ ጀምሮ አማቷ ስትደፋ ባየችው ቦታ። ሄደሽ ብትቆፍሪ በጥልቀቱ ሁሉ የከሰል ቁራጭ ታገኛለሽ፣ የሸክላ ስብርባሪም አለው። ከዛ አስር እርምጃ ስትሄጂ ጥቁሩ አፈር የፍግ ነው፣ በእጅሽ ስትጨብጭው ይለሰልሳል እንጂ እጅ አያጠቁርም። የኩሽናው ጀርባ ግን መዳፍሽን ያጠቁረዋል። እኛ በዓይን ስናይ ሁለቱም ጥቁር ነው፣ ለሰብል ግን አንድ አይደሉም።

እና ወንድማችን "56 ከሌለ ከሰል ጠርጥሪ" ሲል ወዲያው ይሄ ነው የመጣልኝ። ስፔክትረምሽ የፍጉን ሳይሆን የምድጃውን ታሪክ እየነገረሽ ሊሆን ይችላል።

ሮተር54፦

ዲኤ ወንድሜ በጣም አመሰግናለሁ፣ ይሄ ነገር ከማሽኑ ሴቲንግ ሁሉ ይበልጣል። እኛ እዚህ ተቀምጠን ሳምፕሉ ከየት እንደተወሰደ ሳናውቅ ነው ፒክ የምናነበው።

በዚህ ላይ አንድ ክፉ ነገር ልንገራችሁ። ሲፒ የሚባለው ዘዴ (ፓይንስ፣ ጊቢና ዎው በ1970ዎቹ መጀመሪያ ያመጡት) የሃይድሮጅንን ጉልበት ወደ ካርቦኑ ነው የሚያስተላልፈው። ከሰል ደግሞ ሃይድሮጅኑ ተቃጥሎ ያለቀ ነገር ነው። ሃይድሮጅን አጠገቡ የሌለው ካርቦን ጉልበቱ አይደርሰውም፣ አይታይም። ስለዚህ ሲፒ ከሰልን አሳንሶ ነው የሚያሳየው። ቤቲ 130 ላይ ያየችው በሲፒ ከሆነ ትክክለኛው ከዛ ይበልጣል እንጂ አያንስም! ዋልክሊ ብላክም ከሰሉን በከፊል ብቻ ነው የሚያቃጥለው፣ ያ 1.33 እያላችሁ የምታባዙበት ቁጥር ደግሞ ለሁሉም አፈር አንድ ነው። ሁለቱም መለኪያ ወደ አንድ አቅጣጫ ነው የሚሳሳቱት።

መፍትሄው ከሲፒው ጎን ዲፒ ማሰራት ነው፣ ካርቦኑን ያለ ሃይድሮጅን እርዳታ በቀጥታ የሚቀሰቅስ። ግን ካርቦን ብቻውን ሲሆን ለማረፍ ጊዜ ይፈልጋል፣ በስካንና ስካን መሃል አንድ ሰከንድ የነበረው 60 ሰከንድ ይሆናል። 2000 ስካን ብትይ 33 ሰዓት። ለሁሉም ሳምፕል አይቻልም፣ ለእንሰቱ ለአንዱ ብቻ አሰሪው። እና ግላይሲን (ቀላል አሚኖ አሲድ) አብሮ እንዲለካ ጠይቂ፣ የታወቀ መጠን ግላይሲን ስንት ሲግናል እንደሚሰጥ ካወቅሽ ከሳምፕልሽ ካርቦን ስንት ፐርሰንቱ እንደታየ ታሰሊያለሽ። ብረት ያለበት አፈር ላይ ግማሹ እንኳ ላይታይ ይችላል፣ ያን ቁጥር ሳይጽፉ አልኪል ይሄን ያህል ፐርሰንት፣ አሮማቲክ ይሄን ያህል ማለት ሰው ማሳሳት ነው።

ሊያ_ኬም፦

ሰላም ቤቲ፣ እኔ ኬሚስት ነኝ፣ የአፈር ሰው አይደለሁም ግን አንድ ሃሳብ። ለምን ኦርጋኒኩን በኤንኤኦኤች (ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ፣ አልካሊ) አውጥተሽ ሂዩሚክ አሲዱን (ከአፈር በአልካሊ የሚወጣውን ጥቁር ኦርጋኒክ) ብቻ በፈሳሽ ኤንኤምአር አታሰሪውም? አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኬሚስትሪ ጋ 400 ሜጋኸርዝ ማሽን አለ፣ የዕፅዋት ኤክስትራክት ብዙ የሚሰራበት፣ ውጭ መላክ ሳያስፈልግሽ።

ሮተር54፦

ሊያ ሃሳብሽ ከወጪ አንጻር ጥሩ ነው፣ ግን ለዚህ ጥያቄ አልደግፈውም። በአልካሊ የሚወጣው ከአፈሩ ኦርጋኒክ ማተር ከፊሉ ነው፣ የማይሟሟው እዛው ይቀራል፣ አልካሊው ራሱም ነገሩን ይለውጠዋል። ሂዩሚክ አሲድ የሚባል ልዩ ሞለኪውል አፈር ውስጥ አለ የሚለው አመለካከትም ራሱ ጥያቄ ውስጥ ገብቷል። ኬለኸርና ሲምፕሰን በ2006 በኤንኤምአር ያዩት አብዛኛው የታወቀ ፕሮቲን፣ ካርቦሃይድሬት፣ ሊግኒንና ቅባት ድብልቅ እንደሆነ ነው፣ የማይክሮብ ቅሪት ጭምር፣ ሌህማንና ክሌበርም በ2015 ኔቸር ላይ ይሄንኑ ክርክር በሰፊው አንስተውታል። ቤቲ የምትፈልገው አፈሩ ውስጥ እንዳለ ያለውን ነው።

ጋሽ_አፈሩ፦

እዚህ ላይ ትንሽ ልቃወም። ሂዩሚክ አሲድ ተብሎ የተሰራው የ50 ዓመት ዳታ ሁሉ ገደል ይግባ አልልም፣ ከድሮ ስራ ጋር ማወዳደሪያ ይሆናል። ግን ለልጅቷ አንድ ዙር ብር አዎ፣ አይሁን።

የሊያን ሃሳብ ግን በሌላ በኩል እንጠቀምበት፣ ፎስፎረስ 31። ይሄኛው 100 ፐርሰንቱ ለኤንኤምአር ይታያል፣ እንደ ካርቦን 13 ተደብቆ የሚፈለግ አይደለም፣ የሚሰራውም በፈሳሽ ነው። 0.25 ሞላር ኤንኤኦኤች ከ0.05 ሞላር ኢዲቲኤ (ብረትን የሚይዝ ኬሚካል) ጋር፣ 16 ሰዓት ይናወጣል፣ ይጠለላል። ኦርቶፎስፌቱ 6 ፒፒኤም አካባቢ፣ ፋይቴት (ዕፅዋት ፎስፎረስ የሚያከማቹበት) እና መሰሎቹ ከሱ ዝቅ ብለው፣ ዳይኤስተሩ ዜሮ አካባቢ፣ ፓይሮፎስፌቱ ከዜሮ በታች 4 እና 5 ላይ ይወጣል። ዳዊት ሰለሞንና ባልደረቦቹ በሙኔሳና በውሽውሽ አፈር ላይ ደን ወደ እርሻና ወደ ተክል ሲቀየር የፎስፎረሱ ዓይነት እንዴት እንደሚለወጥ በዚሁ ዘዴ ሰርተው በ2002 አሳትመውታል። ሙኔሳ ደግሞ ከሀዋሳ ሩቅ አይደለም። ቀይ አፈር ፎስፎረስ አንቆ የሚይዝ ስለሆነ ለገበሬው የሚጠቅም መልስ እዚህም አለ። ማሽኑ ፎስፎረስ ፕሮብ እንዳለው ግን ቀድማችሁ ደውላችሁ ጠይቁ።

ቤቲ_ሀዋሳ፦

ሁላችሁም እግዚአብሔር ያክብርልኝ፣ ሳምንቱን ሙሉ እናንተ ያላችሁትን ሳደርግ ነው የቆየሁት፣ እስቲ ልንገራችሁ።

መጀመሪያ ቀበሌው ተመልሼ ሄድኩ። ዲኤ ያልከው እውነት ነው፣ እኔ የወሰድኩት ከኩሽናው ጀርባ ነበር፣ ምክንያቱም በጣም ጥቁር ስለነበር "ጥሩው አፈር ይሄ ነው" ብዬ ነው። የቤቱ እናት "እሱ እኮ አመዱ ነው ልጄ፣ ፍጉ እዚያ ማዶ ነው" አሉኝና በእጃቸው አሳዩኝ። መዳፌ ላይ አሸሁት፣ ጠቆረ። ማዶውን አሸሁት፣ ጣቴ ላይ ቡና ዓይነት ቀለም ብቻ ነው የቀረው። አሁን ከሁለቱም ለየብቻ ወስጃለሁ።

ሁለተኛ፣ ማታ ቤት ከተበላሸ ስፒከር ማግኔት አውጥቼ በወረቀት ጠቅልዬ የደረቀው አፈር ላይ አዞርኩት፣ ብረቱን በዓይኔ ማየት ፈልጌ። ከበቆሎው አፈር ላይ ጥቃቅን ጥቁር ቅንጣት እንደ ጢም ቆሞ ወጣ! ወረቀቱን ሳወልቀው ጠረጴዛው ላይ ረገፈ። ጋሽ አፈሩ ይሄ የእሳተ ገሞራው ነው አይደል?

ሶስተኛ፣ 53 ማይክሮኑን ወንፊት ዲፓርትመንት ውስጥ አገኘሁ፣ ታጥቦ ያለቀ መስሎኝ ውሃው እስከ አስረኛው ጊዜ ድረስ ቀይ ነበር። የጫቱ ወንፊት ላይ የቀረው በጣም ትንሽ ነው፣ ጥቂት የስር ፀጉር። የፍጉ ቦታ ግን ሙሉ እፍኝ፣ የገለባና የእንሰት ቃጫ ቁራጭ በዓይን ይለያል። ይሄን ሳይ ኤንኤምአሩ ገና ሳይመጣ ግማሹን መልስ ያየሁ ነው የመሰለኝ።

አሁን አንድ ጥያቄ ቀረኝ። ከኩሽናው ጀርባ ያለውን ሳጥበው የከሰል ቁራጮቹ ከገለባው ጋር አብረው ተንሳፈፉ። በፒንሴት ልልቀማቸው ወይስ ልተዋቸው? ብለቅም ስፔክትረሙ ንፁህ ይሆናል፣ ብተው ደግሞ 130ው ሌላውን ሁሉ ይሸፍንብኛል።

ጋሽ_አፈሩ፦

አዎ ልጄ፣ የስምጥ ሸለቆው አፈር ከእሳተ ገሞራ አመድና ድንጋይ የመጣ ነው፣ በማግኔት የሚነሳው በአብዛኛው ማግኔታይት ነው። ለሚሰሩልሽ ሰዎች ንገሪያቸው፣ እንዲህ ያለ ቅንጣት የበዛበት ሳምፕል ሮተሩ ውስጥ ሆኖ አልዞርም ይላል። ኤችኤፍ ከመደረጉ በፊት በማግኔት አታውጪው ግን፣ ኦርጋኒክ ተለጥፎበት ሊሄድ ይችላል። ከሰሉን በተመለከተ ለወጣቱ ልተውለት።

ሮተር54፦

አትልቀሚው። ወይም ደግሞ ሁለት ቦታ ክፈይው፣ ግማሹን እንዳለ ተይው፣ ግማሹን ልቀሚና የተለቀመውን ከሰል መዝኚው፣ ከሚሊሜትር ወረቀት ጋር ፎቶ አንሺው፣ ለብቻው በትንሽ ቱቦ አስቀምጪው። እንዳለ የተተወው በዲፒ ይሰራ፣ ከሰሉ የወጣለት ግማሽ በሲፒ። ከሰሉ የወጣለት ላይ 56 ሳይኖር 130 አሁንም ጎልቶ ከወጣ በዓይን የማይታይ ደቃቅ ከሰል ሊኖር ይችላል ማለት ነው፣ ያኔ የተለቀመው ከሰል ያለበትን ቱቦ ልላክልህ ብለሽ አድራሻዬን በግል ጠይቂኝ፣ እዚህ ያለኝን ትርፍ ሰዓት ተጠቅሜ እኔ እሰራልሻለሁ።

ቤቲ_ሀዋሳ፦

እሺ ወንድሜ። ነገ ጠዋት ሚዛን ክፍሉ ሲከፈት እጀምራለሁ፣ ቱቦዎቹን ዛሬ አጥቤ አስጥቻለሁ።